ስለ አሮጌው ልማድና ስለ ልብ ፈውስ

ሰው ከመከራ ስፍራ በእግሩ በወጣ ጊዜ፣ ከመከራው ወጣ ማለት ነውን? ብዙዎች ይህን ጥያቄ አይጠይቁትም፤ መልሱ የታወቀ ይመስላቸዋልና። ጦርነቱ ቆመ፤ ስደተኛው ወደ አገሩ ተመለሰ፤ እስረኛው ተፈታ፤ እንግዲህ ምን ቀረ? ይላሉ። ነገር ግን የተመለሰውን ሰው በቤቱ የጠየቀ፣ ሌሊቱንም ከእርሱ ጋር ያደረ ሰው እንዲህ በችኮላ አይመልስም። እግር በአንድ ቀን የሚሻገረውን ድንበር ልብ በብዙ ዓመት አይሻገረውም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር ይኸው ነው፤ መከራ ያስተማረንን ልማድ፣ መከራው ካለፈ በኋላ፣ እንዴት እንተወዋለን? መተውስ ይገባናልን? ዓመታቱን ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፣ ከከተማዋ በስተ ደቡብ፣ ሎሎጎ የሚባል ሰፈር አለ። በሱዳን የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ዘመን ከየገጠሩ የተፈናቀሉ ሰዎች በዚያ ተጠልለው ነበር። በጥር 2005 የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ደግሞ፣ ወደ ትውልድ መንደራቸው የሚመለሱ ሰዎች ጥቂት ሌሊት የሚያድሩበት የመንገድ ማረፊያ በሎሎጎ ተዘጋጀ። ሰዎቹ ዕቃቸውን አስረው፣ ልጆቻቸውን ይዘው፣ በዚያ ካደሩ በኋላ መንገዳቸውን ይቀጥሉ ነበር። መንገዱ ግን በመንደራቸው አላበቃም። በሐምሌ 2011 ደቡብ ሱዳን ነጻ አገር ሆነች፤ በታኅሣሥ 2013 በጁባ ጦርነት ተነሣ፤ በሐምሌ 2016 በዚያችው ከተማ እንደ ገና ተኩስ ሆነ፤ በመስከረም 2018 ተዋጊዎቹ በአዲስ አበባ የሰላም ስምምነት ፈረሙ፤ ጠቡ ግን ከዚያም በኋላ ፈጽሞ አልጠፋም። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜም፣ ቀድሞ ወደዚያ ሸሽተው የነበሩ ብዙ መቶ ሺህ ደቡብ ሱዳናውያን ወደ ኋላ ተመለሱ። በአንድ ዕድሜ ሦስት ጊዜና አራት ጊዜ የሸሸ ሰው በዚያ አገር ብርቅ አይደለም።

የዚህ ሁሉ ጠባሳ በቍጥርም ታይቶአል። በ2015 የደቡብ ሱዳን የሕግ ማኅበርና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም 1,525 ሰዎችን ጠይቀው ባወጡት ጥናት፣ ከመቶው 41 የሚሆኑት ከመከራ በኋላ የሚቀረው የአእምሮ ሕመም ምልክት ታየባቸው። በ2016 አምንስቲ ኢንተርናሽናል ባወጣው ዘገባ ደግሞ፣ በአገሪቱ በሙሉ በሥራ ላይ የነበሩት የአእምሮ ሕክምና ሐኪሞች ሁለት ብቻ እንደ ነበሩ፣ በጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታልም ለአእምሮ ሕሙማን የነበሩት አልጋዎች 12 ብቻ እንደ ነበሩ ተጽፎአል። እንግዲህ የሚበዛው ሰው ቍስሉን ይዞ የሚኖረው በቤቱና በጎረቤቶቹ መካከል ነው።

እስቲ በሎሎጎ የምትኖር አንዲት እናት በልባችን እናስብ። ልጆችዋን ስታስተኛ ጫማቸውን አታወልቅም። እህሏን በአንድ ስፍራ አታኖርም፤ ከፋፍላ ትደብቃለች እንጂ። በተቀመጠችበት ሁሉ ጀርባዋን ለበር አትሰጥም። የድስት ክዳን ቢወድቅ ትደነግጣለች። ጎረቤትዋ እንዴት አደርሽ ቢላት፣ ምን ፈልጎ ይሆን ብላ ታስባለች። የማያውቃት ሰው፣ ይህች ሴት ክፉ ናት፣ ወይም አእምሮዋ ተናውጦአል ይላል። ነገር ግን አንድ ሌሊት ልጆችዋ ከነጫማቸው መተኛታቸው በእሾህና በድንጋይ ላይ ሮጠው እንዲያመልጡ አድርጎአቸው ነበር። የተደበቀው እህልም ቤቱ በተዘረፈ ጊዜ ለሳምንት አቈይቶአቸዋል። ልማዱ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ዋጋ ተከፍሎበት የተገኘ ትምህርት ነው።

ልማድ በሥጋችን እንዴት እንደሚተከል የሳይንስ ሊቃውንት መርምረዋል። ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር በ1904 የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው የሩሲያው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ፣ ለውሾች ምግብ ከመቅረቡ በፊት አንድ ምልክት በተደጋጋሚ ቢሰጣቸው፣ ኋላ ምግቡን ሳያዩ በምልክቱ ብቻ ምራቃቸው እንደሚወርድ አሳየ። ከዚያ በኋላ ምልክቱን እየሰጠ ምግቡን ቢከለክል ልማዱ ጥቂት በጥቂት ይጠፋል። ይሁን እንጂ የጠፋ የመሰለው ልማድ፣ ውሻው ጥቂት ካረፈ በኋላ፣ እንደ ገና ይመለሳል። ከዚህ የተነሣ በኋላ የመጡ ሊቃውንት አንድ ነገር ተረዱ፤ አሮጌው ትምህርት ከአእምሮ ተፍቆ አይጠፋም፤ አዲስ ትምህርት በላዩ ይጨመርበታል እንጂ። በመስከረም 1924 የሌኒንግራድን ከተማ ጎርፍ ባጥለቀለቃት ጊዜ፣ የፓቭሎቭ ውሾች በቤታቸው ተዘግተው ሳሉ ለመስጠም ጥቂት ሲቀራቸው ዳኑ። ከዚያ በኋላ አንዳንዶቹ የተማሩትን ረሱ፤ ከእነርሱም አንዱ፣ ጎርፉ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በበር ሥር ጥቂት ውኃ ሲፈስስ ባየ ጊዜ ፍርሃቱ ተመለሰበት።

ሰውን ከእንስሳ ጋር ማስተካከላችን አይደለም። ሰው ኅሊና አለው፤ ቃልም አለው፤ ተስፋም አለው። ነገር ግን ሥጋችን ከአፈር የተሠራ ነውና የሥጋን ሕግ አያመልጥም። በግንቦት 1991 የደርግ መንግሥት በወደቀ ጊዜ፣ በጋምቤላ ምድር በፉኝዶ ካምፕ የነበሩ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ የሱዳን ስደተኞች፣ ከእነርሱም መካከል እጅግ ብዙ ያለ ወላጅ የነበሩ ወንዶች ልጆች፣ እየሸሹ ወደ ጊሎ ወንዝ ደረሱ። ከኋላቸው ጥይት፣ በፊታቸው የሞላ ወንዝ፣ በወንዙም ውስጥ አዞ ነበረ፤ ብዙዎች በዚያ ቀሩ። ከተረፉት ልጆች ብዙዎቹ በፖቻላ በኩል አልፈው በ1992 በኬንያ ምድር ካኩማ ደረሱ። ከእነርሱ አንዱ ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ በጁባ በነጭ አባይ አጠገብ ቢኖር፣ ወንዙም በሞላ ጊዜ ሌሊት እንቅልፍ ቢያጣ፣ ማን ይፈርድበታል? እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ፣ ከሊቃውንቱ ምርምር በፊት ይህን ነገር ያውቀው ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ልማድ ምን ብለን እንጥራው? ኃጢአት ነው ልንለው አንችልም፤ ሰው ፈልጎ አልተማረውምና። ሞኝነት ነው ልንለውም አንችልም፤ ሕይወትን አትርፎአልና። በክፉ ዘመን እንደ ተቀጠረ የሌሊት ዘበኛ ነው ብንል ይሻላል። ሽፍታ በበዛ ጊዜ ቤቱን ጠብቆአል፤ ስለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ዘመኑ መለወጡን የነገረው የለም። ስለዚህ ዛሬም ዱላውን ይዞ በደጅ ይቆማል፤ እንግዳውን ይመልሳል፤ ዘመዱን ያባርራል፤ በመጨረሻም ባለቤቱ ራሱ እንዳይወጣ በሩን ይዘጋበታል። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል። ይህኛው ልማድ ሲወለድ ክፉ አልነበረም፤ ቈይቶ ግን ከገዛ ባለቤቱ ማዕድ እንቅልፍን፣ ደስታንና ወዳጅን ይሰርቃል። እንዲህ ያለውን ዘበኛ በስድብ ልናባርረው አይገባንም፤ ደመወዙን ከፍለን፣ አመስግነን፣ ልናሰናብተው ይገባናል እንጂ።

ይህ ነገር የጎረቤት አገር ነገር ብቻ አይምሰለን። ከ1974 እስከ 1991 በነበረው በደርግ ዘመን በአገራችን ያደገ ሰው፣ በገዛ ቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገርን ተማረ። ልጅ በቤት የሰማውን በደጅ እንዳይናገር ተመከረ። ብዙ የጸሎት ቤቶች ተዘጉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1979 ተይዘው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ግን ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። መንግሥቱ አለፈ፤ ዝቅ ያለው ድምፅ ግን በብዙ ቤት ቀረ። ከ1991 በኋላ የተወለዱ ልጆች መንግሥቱን ሳያዩ፣ ከእርሱ የተረፈውን ዝምታ ከወላጆቻቸው ወረሱ። በቅርቡም በ2020 መጨረሻ በሰሜን የተነሣው ጦርነት በኅዳር 2022 በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ቢቆም፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ተኩስ ተሰምቶአል። የሠርግ ርችት በሰማ ጊዜ ከአልጋ ሥር የሚገባ ልጅ ሩቅ አገር ሄደን መፈለግ አያስፈልገንም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። አሮጌውን ልማድ መተው ይገባልን? ይህን በተናገርን ጊዜ ቍስለኞች ራሳቸው ሦስት ነገሮችን ይመልሱልናል፤ ሦስቱም መሰማት ይገባቸዋል።

አንደኛ፣ ብተወው ሙታኔን የከዳሁ ይመስለኛል ይላሉ። ፍርሃቴና ቍጣዬ ከእነርሱ የቀረኝ ርስት ነው፤ እፎይ ብዬ ብስቅ ማን ያስባቸዋል? ይላሉ። ይህ የፍቅር ቃል ነውና ልንንቀው አይገባም። ነገር ግን የአገራችን ሰው ስለዚህ ነገር አንድ መልካም ቃል አለው፤ እርም ማውጣት ይላል። ዘመዱ በሩቅ አገር የሞተበት ሰው መርዶውን ብቻውን አይሰማም፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ያረዳዋል፤ ከእርሱም ጋር ይቀመጣል፤ ያለቅሳል። እርሙን ያወጣ ሰው ሙቱን ረሳ አይባልም፤ ይልቁንም ሙቱን አከበረ ይባላል። ከዚያም በኋላ የሟቹን ስም ሳይንቀጠቀጥ ሊጠራ ይችላል። ሙታን ከእኛ የሚፈልጉት ክብር ካለ፣ በእኛ ድንጋጤ ውስጥ ሳይሆን በእኛ ትዝታ ውስጥ መኖር ነው። ድንጋጤ ስማቸውን አያውቅም፤ ትዝታ ግን ያውቀዋል።

ሁለተኛ፣ ብተወው በዳዬ በነጻ ይሄዳል ይላሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ እንደ ተባለ፣ የበደለ ሰው ሁልጊዜ እርሳው ለማለት ይቸኩላል። ስለዚህ በግልጥ እንናገር፤ የልብ ፈውስና የፍርድ ሥራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ2018 በአዲስ አበባ የተፈረመው ስምምነት እንኳ የእውነት፣ የዕርቅና የፈውስ ኮሚሽን እንዲቋቋም፣ ከእርሱም ለብቻው ፍርድ ቤት እንዲቆም ወስኖአል። የተበደለ ሰው ሌሊት በሰላም ቢተኛ፣ በቀን ሸንጎ ቆሞ ከመመስከር የሚከለክለው የለም። እንዲያውም ያረፈ ሰው የተሻለ ምስክር ይሆናል። ፈውስን የፍርድ መክፈያ አድርጎ የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ እርሱ ሐኪም አይደለም፤ ለበዳዩ ጠበቃ የቆመ ነው።

ሦስተኛ፣ አደጋው መቼ አለፈ? ይላሉ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በሎሎጎ ያለችውን እናት፣ የልጆችሽን ጫማ አውልቂ፣ አትፍሪ ብንላት፣ ደግሞም በዚያው ሌሊት ተኩስ ቢነሣ፣ ደማቸው በእኛ ላይ ነው። አደጋ ባለበት ስፍራ ፍርሃት ማስተዋል ነው፤ እንዲተዉት ማስገደድም ጭካኔ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን፣ ይህ ፍርሃት ስለ ዛሬ ነውን ወይስ ስለ ትናንት? የሚለውን ነው። ስለ ዛሬ ከሆነ ልንታዘዘው ይገባል። ስለ ትናንት ከሆነ ልናመሰግነውና ልናሰናብተው እንጀምር። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለቱንም ሊሸከም ይችላል፤ ሌሊቱን ነቅታ መጠበቅ ያለባት እናት፣ በቀን ግን የጎረቤትዋን ሰላምታ ያለ ጥርጣሬ መቀበልን ልትማር ትችላለች።

ከዚህ ቀጥሎ አንድ ስሕተት እንከልክል፤ እርሱም ፈውስን በትእዛዝ መፈለግ ነው። በየጉባኤያችን፣ ያለፈው አልፎአል፤ በእምነት ተወው፤ የሚል ቃል ይሰማል። ቃሉን የሚናገረው ሰው ብዙ ጊዜ በጎ ልብ አለው። ነገር ግን የተናገረው ቃል በቍስለኛው ላይ ሁለተኛ ሸክም ይጨምራል፤ ያ ሰው አስቀድሞ ፈርቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ በመፍራቱ ያፍራል። ካፈረ በኋላም ይደብቃል፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም።

የእስራኤል ልጆች ከግብፅ በአንድ ሌሊት ወጡ፤ የባርነት ልማድም አብሮአቸው ወጣ። በምድረ በዳ መና በወረደላቸው ጊዜ ለነገ እንዳያስቀሩ ታዘዙ፤ አንዳንዶቹ ግን አስቀሩ፤ ያስቀሩትም ተላ። ስስታሞች ነበሩ ብለን ለመፍረድ አንቸኩል። ነገ ምን እንደሚበላ በእጁ ያልነበረ የባሪያ ልጅ፣ ያገኘውን መደበቅ ካልተማረ ምን ይማራል? እግዚአብሔር ይህን ልማድ በአንድ ትእዛዝ ብቻ አልፈወሰውም። በየማለዳው አዲስ እንጀራ አወረደ፤ ያውም ለአንድ ሳምንት ሳይሆን ለአርባ ዓመት። ልባቸው ነገም ይገኛል ማለትን የተማረው ካልታጐለ ማለዳ ነው። የፓቭሎቭ ምርምርም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ አሮጌው ትምህርት በክርክር አይረታም፤ አዲስና የታመነ ነገር ደግሞ ደጋግሞ በመምጣቱ ይሸፈናል እንጂ። በየመካከሉም አሮጌው ቢመለስ፣ ሥራው ሁሉ ፈረሰ ማለት አይደለም፤ አንድ ማለዳ ብቻ ቀረበት ማለት ነው።

እንግዲህ ነገሩ ወደ እኛ ዘወር ይላል፤ ያ የታመነ ማለዳ ከየት ይመጣል? ቍስለኛው ለራሱ ሊሠራው አይችልም። ፍርሃቱን ያስተማሩት ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ሌሎች ሰዎች ሌላውን ሊያስተምሩት ያስፈልጋል። አልዓዛር ከመቃብር በወጣ ጊዜ እጁና እግሩ በመግነዝ እንደ ታሰረ ነበር። ሕይወትን የሰጠው ጌታ ነው፤ መግነዙን መፍታት ግን በዙሪያ ለቆሙት ተሰጠ። ይህን ልብ እንበል፤ አልዓዛር ታስሮ ሳለ ሕያው ነበር። መግነዙ በላዩ ስላለ ገና አልተነሣም ያለው ሰው የለም፤ ራስህን ፍታ ያለውም የለም። እኛም በፍርሃት የታሰረውን ወንድማችንን እምነት የለውም ብለን የምንፈርድበት ምክንያት የለንም፤ እጃችንን ወደ መግነዙ ልንዘረጋ ይገባናል እንጂ።

ይህ ሥራ ትልቅ ንግግር አይፈልግም፤ ጥቃቅን ታማኝነትን ይፈልጋል። የቈሰለ ሰው ቤት የሚሄድ ሰው በደጅ ቆሞ ስሙን ይጥራ፤ ድንገት አይግባ። በጸሎት ቤት በበሩ አጠገብ መቀመጥ የሚወድድ ሰው ካለ፣ ወደ ፊት እለፍ ተብሎ አይገደድ። ነገ እመጣለሁ ያለ ሰው ነገ ይምጣ፤ ለሌላው ትንሽ የሆነች የቀጠሮ መፍረስ ለእርሱ የዓለም መፍረስ ናትና። በስውር የተነገረን ነገር በሰንበት ጉባኤ ለምስክርነት አይቅረብ። ማንም ሰው መከራውን ሊናገር ሳይፈቅድ አይጠየቅ፤ በፈቀደ ጊዜ ደግሞ የሚሰማው ሰው አይታጣ።

በ2004 በናይሮቢ የታተመ፣ ቤተ ክርስቲያን የመከራን ቍስል እንዴት እንደምታክም የሚያስተምር መጽሐፍ አለ፤ ከጻፉትም ሰዎች መካከል ማርጋሬት ሂልና ሃሪየት ሂል ይገኛሉ። በዚያ ትምህርት አድማጭ እንዲመክር ሳይሆን አስቀድሞ እንዲሰማ ይነገረዋል፤ የሆነው ምን እንደ ሆነ፣ በልብ የተሰማው ምን እንደ ነበረ፣ ከሁሉ የከበደውም የትኛው እንደ ሆነ በቀስታ ይጠይቃል፤ ከዚያም ዝም ይላል። ከመዝሙረ ዳዊትም ብዙው ክፍል ልቅሶና አቤቱታ መሆኑን እናስታውስ፤ የሚያለቅስ ሰው ከጸሎት ቤት የወጣ ሰው አይደለም። ቍስሉ ከጎረቤት እጅ በላይ በሆነ ጊዜ ደግሞ ሰውየውን ወደ ሐኪም መውሰድ የእምነት ጉድለት አይደለም። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን የሚታከሙበት ስፍራ ነው፤ ወደዚያ ሰውን ማድረስ ቍስለኛን ወደ እንግዳ ማረፊያ ካደረሰው ከሳምራዊው ሥራ ጋር አንድ ነው።

የተወደዳችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ በየማኅበራችሁ ከጦርነት የተመለሰ፣ ከእስር የተፈታ፣ ከቤቱ ተፈናቅሎ የመጣ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ምናልባት እርሱ እናንተ ራሳችሁ ናችሁ። ቍስለኛ ለሆናችሁ የምንለው ይህ ነው፤ ልማዳችሁ ያሳፍራችሁ ዘንድ አይገባም፤ እስከ ዛሬ አድርሶአችኋልና። ነገር ግን አንድ የታመነ ሰው ባገኛችሁ ጊዜ፣ በሩን በሙሉ ባይሆን በጥቂቱ ክፈቱ፤ ነገም ደግሞ ጥቂት ጨምሩ። ለሌሎቻችን ደግሞ ቃሉ ይከብዳል። አትፍራ ብለን ከመናገራችን በፊት፣ የማንፈራ ጎረቤቶች ልንሆን ይገባናል። አፋችን የታመነ፣ እጃችን የማይቸኩል፣ ቀጠሮአችን የማይፈርስ ይሁን። የወንድማችን ዘበኛ ዱላውን የሚያስቀምጠው፣ ከደጁ የቆምነው እኛ ጠላት አለመሆናችንን በብዙ ማለዳ ባየ ጊዜ ነው።